ከመግዣ ዋጋ እስከ ቆጠራ፦ ለጀማሪ ቸርቻሪ የሚያስፈልጉ መሠረታዊ ሐሳቦች

በአራት ኪሎ ወይም በፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ለመክፈት የሚያስብ ሰው ቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ኪራዩና ስለ መነሻ ካፒታሉ ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ደንበኛ የማያጣውን ሱቅ ጭምር የሚያከስረው ባለቤቱ የዕለቱን ሽያጭ ከትርፍ ሳይለይ ከመሳቢያው እያወጣ መጠቀሙ ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳዩትን ቃላት አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ዕቃ ከአስመጪ ወይም ከፋብሪካ ተነሥቶ በአከፋፋይና በጅምላ ሻጭ በኩል ለተጠቃሚው በነጠላ ወደሚሸጠው ቸርቻሪ ይደርሳል። በየደረጃው ዋጋ ስለሚጨመር፣ ከመርካቶ ሲገዙ ሻጩ ራሱ አስመጪ ይሁን ወይስ ከሌላ ጅምላ ሻጭ ያመጣ፣ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት ስለተደረገ ይህ ሰንሰለት ወደፊት ሊያጥር ይችላል፤ የአንድ ትንሽ ሱቅ የዛሬ ሂሳብ ግን ገና በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

የመግዣ ዋጋ ሲባል ለጅምላ ሻጩ የተከፈለው ብቻ አይደለም። አንድ ደርዘን ደብተር በ912 ብር ተገዝቶ ለመጫኛ፣ ለማውረጃና ለመኪና በደርዘን 48 ብር ከወጣ፣ ደርዘኑ ሱቅ ሲደርስ 960 ብር፣ አንዱ ደብተር ደግሞ 80 ብር ሆኗል ማለት ነው። ይህ ደብተር በ100 ብር ቢሸጥ 20 ብር ይተርፋል። ትርፉ ከመግዣው አንጻር ሲሰላ 25 በመቶ፣ ከመሸጫው አንጻር ሲሰላ ግን 20 በመቶ ነው። ልዩነቱ ለጀማሪ ቀላል ቢመስልም፣ «25 በመቶ ስለማተርፍ 20 በመቶ ብቀንስ አምስት ይቀረኛል» ብሎ የቅናሽ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ነጋዴ ደብተሩን በ80 ብር፣ ማለትም በገዛበት ዋጋ እየሸጠ ነው። ቅናሽ የሚሰላው ከመሸጫ ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ ትርፍንም ከመሸጫ ዋጋ አንጻር ማስላትን ከመጀመሪያው ቢለምዱ ይሻላል።

ከደብተሩ የተገኘው 20 ብር ያልተጣራ ትርፍ ይባላል። ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራትና ግብር የሚከፈሉት ከእርሱ ላይ ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው የተጣራ ትርፍ ነው። የባለቤቱም የወር ወጪ እንደ ደመወዝ ተቆርጦ መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ የቤት አስቤዛ ሳይታወቅ ካፒታሉን ይበላዋል።

ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ስሌት ይጨመራል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የቆየ ክምችት የነበራቸው ነጋዴዎች እንዳዩት፣ በ80 ብር የተገዛው ዕቃ በ100 ብር ተሸጦ አልቆ፣ ጅምላው 105 ከገባ፣ ነጋዴው በመዝገብ አትርፎ ሳለ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት ያቅተዋል። ስለዚህ መሸጫ ከመተመንዎ በፊት የትናንቱን ደረሰኝ ብቻ ሳይሆን የዛሬውን የጅምላ ዋጋ ይጠይቁ፤ አዲሱንም ዋጋ በግልጽ ይለጥፉ፤ ዋጋን በግልጽ ማሳየት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተጣለ ግዴታ ነው።

የክምችት ዙር የሚባለው ዕቃው በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ተሸጦ እንደሚተካ የሚያሳይ ነው። ደብተር በነሐሴና በመስከረም ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፤ ውድ የስጦታ እስክሪብቶ ግን ትርፉ ቢያጓጓም መደርደሪያ ላይ ወራት ሊያስቆጥር ይችላል። ለትምህርት መክፈቻ የሚሆን ዕቃ ለመግዛት ዕቁብ አስቀድሞ እንዲደርስ ማድረግ የተለመደ ዘዴ ነው፤ በእኔ አስተያየትም፣ ዕጣው በጊዜው የሚደርስ ከሆነ፣ በጅምላ ዱቤ ከመግዛት ይመረጣል፤ ዱቤ የሚሰጥ ሻጭ ብዙውን ጊዜ ዋጋውን ከፍ ያደርጋልና።

ቆጠራ ቢያንስ በበጀት ዓመቱ መዝጊያ፣ በሰኔ 30፣ መደረግ አለበት። ሱቁን ዘግተው አንድ ሰው እየቆጠረ ሌላው ይጻፍ፤ የተከፈተ ፓኮ እንደ ሙሉ አይቆጠር፤ ጥጉ የተላጠ ደብተርና የደረቀ ማርከር ለብቻቸው ይመዝገቡ። በዓመቱ መጀመሪያ 80,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ኖሮ በዓመቱ ውስጥ የ60,000 ብር ዕቃ ከተጨመረና በመጨረሻ የ70,000 ብር ዕቃ ከተገኘ፣ ከሱቁ የወጣው ዕቃ በመግዣ ዋጋ 70,000 ብር ነው። የሽያጭ መዝገቡ የ67,000 ብር ዕቃ ብቻ እንደተሸጠ የሚያሳይ ከሆነ፣ የቀረው 3,000 ብር ጉድለት ነው። ሠራተኛ ከመጠርጠር በፊት ሳይመዘገብ በዱቤ የወጣ፣ ከጅምላ ሻጩ ተጓድሎ የመጣ ወይም በነጻ የተሰጠ ዕቃ መኖሩ ይጣራ።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ደረሰኝ ይቆርጣል። ታክሱ ሳይጨመር 1,000 ብር የሚያወጣ ካልኩሌተር ሲገዛ 150 ብር ታክስ ተከፍሎበታል፤ በ1,250 ብር ሲሸጥ ከደንበኛው 187 ብር ከ50 ሳንቲም ይሰበሰባል። ለመንግሥት የሚገባው ልዩነቱ፣ 37 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ሕጋዊ የግዥ ደረሰኝ ከሌለ ግን 150 ብሩን መቀነስ ስለማይቻል 187 ብር ከ50 ሳንቲሙ በሙሉ ይከፈላል፤ «ያለ ደረሰኝ ላርክስልህ» የሚለው ጅምላ ሻጭ የሚቀንሰው ዋጋም ከዚህ ጋር ተመዛዝኖ መታየት አለበት።