የፎቶ ፕሪንተር ካርትሪጅ እንዴት ይሞላል? ቀለም መዝለል ሲጀምርስ ምን ይደረጋል?

ኤፕሰን 1390ን በመሰሉ ባለ 6 ቀለም የፎቶ ፕሪንተሮች ላይ የሚገጠመው ተመልሶ የሚሞላ ካርትሪጅ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዱ ቀለም የሚጨመርበት ሲሆን ሌላው ቀለሙ እየቀነሰ ሲሄድ አየር የሚገባበት ነው። ከሥሩ ደግሞ ቀለሙ ወደ ሄዱ፣ ማለትም ቀለሙን ወረቀት ላይ ወደሚረጨው ክፍል፣ የሚወርድበት መውጫ አለ። «ሄዱ ተደፍኗል» ብዬ ከደከምኩባቸው ቀናት በአብዛኞቹ ጥፋቱ የነበረው ከሄዱ ሳይሆን ከእነዚህ ቀዳዳዎች ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ኖዝል ቼክ (የእያንዳንዱን ቀለም መስመሮች የሚያሳይ የሙከራ ኅትመት) አትመው ወረቀቱን በደንብ ይመልከቱ። የተቆረጡት መስመሮች በተደጋጋሚ ሲታተም በዚያው ቦታ ላይ ከቀሩ በሄዱ ላይ የደረቀ ቀለም አለ ማለት ነው። ክፍተቱ በእያንዳንዱ ኅትመት ቦታውን ከቀያየረ ግን አየር ገብቷል። ኖዝል ቼኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ፎቶው እየወረደ ሲሄድ ከፈዘዘ ደግሞ ቀለሙ በበቂ ፍጥነት እየወረደ አይደለም።

ለሙሌት የሚያስፈልገው ለፎቶ ፕሪንተር የተዘጋጀ ዳይ (በፈሳሹ የሟሟ) ቀለም ነው፤ ደቃቅ ብናኝ ካለበት ፒግመንት ቀለም ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱን ሲሪንጅ መመደብ ይገባል፤ «አጥቤ እጠቀምበታለሁ» ማለት በተለይ ፈዛዛዎቹን ቀለሞች፣ ላይት ሳይያንን (ፈዛዛ ሰማያዊ) እና ላይት ማጀንታን (ፈዛዛ ሮዝ)፣ ያበላሻል። የአየሩን ቀዳዳ በላስቲኩ እንደተዘጋ ይተዉትና የመሙያውን ከፍተው ቀለሙን በዝግታ ይጨምሩ። መርፌው ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ እንዳይዘጋው ይጠንቀቁ፤ የውስጡ አየር የሚወጣው በጎኑ ነው። እስከ አፉ አይሙሉት።

ከዚህ በኋላ ያለው ደረጃ ብዙዎች የሚዘሉት ነው። የመሙያውን ቀዳዳ ዘግተው የአየሩን ይክፈቱ፤ ከዚያም መርፌው የወጣለትን ሲሪንጅ ከሥር ባለው መውጫ ላይ አጥብቀው ይያዙና አረፋ የሌለበት ቀለም እስኪመጣ ድረስ ቀስ ብለው ይሳቡ። በመጀመሪያ የሚመጣው አረፋ ብቻ ስለሚሆን ተስፋ አይቁረጡ። ይህ ካልተደረገ በመውጫው አካባቢ የተደበቀው አየር ቀጥታ ወደ ሄዱ ይወርዳል።

ካርትሪጁ ፕሪንተሩ ላይ ሲገጠም የአየሩ ቀዳዳ ላስቲክ ወልቆ መቅረት አለበት። እኔ ይህንን የተማርኩት አንድ ማታ የሰርግ ፎቶ ሳትም ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ፎቶዎች እንከን አልነበራቸውም፤ 5ኛው ላይ ግን የሙሽራዋ ቬሎ ከወገቧ በታች ወደ ሮዝ አደላ። ሄድ ክሊኒንግ (ፕሪንተሩ ሄዱን በራሱ የሚያጸዳበትን ትእዛዝ) ሳዝ አንድ ሁለት ፎቶ ያስተካክልና ተመልሶ ይፈዛል፤ እንዲህ እያልኩ 6 ጊዜ ደጋገምኩት። በማግስቱ ካርትሪጁን ሳወጣ የላይት ሳይያኑ ላስቲክ እንደተሰካ ነበር። ስነቅለው አየሩ «ፍሽ» ብሎ ገባ። ክሊኒንጉ ቀለሙን በፓምፕ በግድ ስለሚስበው ለጊዜው የተስተካከለ ይመስላል እንጂ አየር የማይተካበት ካርትሪጅ ቀለሙን አይለቅም። በየክሊኒንጉ የሚፈሰው የ6ቱም ቀለም በፕሪንተሩ ሆድ ወዳለው ስፖንጅ ስለሚሄድ፣ የፈሰሰውን የሚቆጥረው ቆጣሪ ሲሞላ ማሽኑ ጨርሶ ሥራ ያቆማል። ከ3 ክሊኒንግ በላይ ማዘዝን እቃወማለሁ፤ ካልተስተካከለ አጥፍቶ ቢያንስ 6 ሰዓት ማሳረፍ ይሻላል፤ አረፋው በራሱ ጊዜ ይፈታልና።

ሄዱ በእርግጥ ደርቆ ከሆነ ክር በማይለቅ ጨርቅ ላይ ጥቂት የተጣራ ውሃ አድርገው ከሄዱ ሥር ያቆዩት። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ አጠገቡ ከሚደረደረው አሲድ ጋር ግን እንዳይምታታብዎት። የቧንቧ ውሃ ማዕድኑን ትቶ ይደርቃል። በእኛ አገር ለመድረቁ ዋናው ሰበብ መብራት ነው፤ ኅትመት ላይ እያለ ሲቋረጥ ሄዱ ወደ ክዳኑ ሳይመለስ ሜዳ ላይ ይቀራል። መብራቱ እንደመጣ አብርተው በራሱ ማጥፊያ ያጥፉት፤ ከማከፋፈያው መንቀልም ያው ጥፋት ነው።

የቀለሙን መጠን የሚያሳየው የካርትሪጁ ቺፕ «ሙሉ ነው» ቢልዎት አይመኑት። እርሱ የታተመውን ይቆጥራል እንጂ ቀለሙን አያይም። ካርትሪጁ ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ በዓይንዎ እያዩ ሩብ ያህል ሲቀር ይሙሉት።