የመብራት ሽፋኑ ቢጫ ሆኗል? ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ

ማታ ስትነዱ መንገዱ ደብዘዝ ካለባችሁ አምፖል ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የፊት መብራቱን ሽፋን በእጃችሁ ዳስሱት። ከሻከረና ቢጫ ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። ሽፋኑ መስታወት ሳይሆን ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ላዩ ላይ ከፀሐይ የሚከላከል ስስ ቅብ አለው። ቅቡ ሲያልቅ ፕላስቲኩ ይደፈርሳል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል።

ሽፋኑን በሳሙና እጠቡ። ዙሪያውን በፕላስተር ሸፍኑ፣ አለበለዚያ የመኪናው ቀለም ይጫራል። ከዚያ በውሃ በሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት እሹት (ቁጥሩ ከፍ ሲል ወረቀቱ ይለሰልሳል)፦ በ1000 ቁጥር ጀምሩ፣ በ2000 ቀጥሉ፣ ከተገኘ በ3000 ጨርሱ። ወረቀቱም ሽፋኑም ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። መጀመሪያ ላይ ቢጫ ውሃ ይወርዳል፤ ያ የተበላሸው ቅብ ነው። ውሃው ነጭ እስኪሆን ድረስ በ1000ው ላይ ታገሱ። እዚህ ጋ ከተጣደፋችሁ ጭረቱ በኋላ አይለቅም። ስትጨርሱ ሽፋኑ ነጣ ብሎ ይጨፈግጋል፣ አትደንግጡ። የመኪና ፖሊሽ በንጹህ ጨርቅ ስታሹት ይጠራል።

አሁን ዋናው ነገር፦ እዚህ ላይ አታቁሙ። የድሮውን መከላከያ ፍቃችሁ አንስታችኋል፤ ሳትተኩት ከተዋችሁት በወራት ውስጥ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ዩቪ (ጎጂውን የፀሐይ ጨረር) የሚከላከል ትራንስፓረንት ስፕሬይ ግዙና ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ርጩበት። አቧራ በሌለበት ቦታ ይድረቅ።

የጥርስ ሳሙናም ያጠራል ይባላል። ትንሽ ያበራዋል፣ ግን መከላከያ ስለሌለው አይቆይም። ሽፋኑ የደበዘዘው ውስጡ በገባ እርጥበት ከሆነ ደግሞ ከውጭ ማሸት አይረዳም።