ባለሀብት ለክለባችሁ ሲመጣ ምን ትጠይቃላችሁ?

የካ አባዶ ላይ የሰፈራችንን ቡድን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ፤ በአንድ ሰማያዊ ደብተር። አንዴ አንድ ሰው "ከውጭ ስፖንሰር አመጣለሁ" ብሎ አስጨበጨበን። ማልያ ሳናይ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የአየርላንድን ሊግ እከታተላለሁ፤ እዚያ የውጭ ባለሀብት ነገር በትልቁ አለ።

መጀመሪያ ሰውዬው ሌላ ክለብ እንዳለው ጠይቁ። ድሮሄዳ ዩናይትድ በፈረንጆቹ 2024 የአየርላንድን ዋንጫ በላ፤ ለአውሮፓም አለፈ። ባለቤቱ የአሜሪካው ኩባንያ ትሪቬላ ግን ያኔ የዴንማርኩ ክለብ ሲልከቦርግም ባለቤት ነበር። የዩኤፋ (የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር) ደንብ ደግሞ በአንድ ባለቤት ሥር ያሉ ሁለት ክለቦችን አንድ ውድድር ላይ አያስገባም። በዚህ የተነሳ ድሮሄዳ በ2025 ከአውሮፓው ኮንፈረንስ ሊግ ተሰረዘ። ልጆቹ በላባቸው ያገኙትን ዕድል ወረቀት ላይ ያለ ደንብ ነጠቃቸው። ያናድዳል!

ቀጥሎ "ስትሄድስ?" በሉት። ሌላውን የአየርላንድ ክለብ ደንዳልክን በ2018 የገዙት አሜሪካውያን በ2021 ለአገሬው ሰዎች መልሰው ለቀቁት። ስለዚህ ሜዳው በማን ስም እንደሚመዘገብ ከፊርማ በፊት ይጻፍ።

ሙሉውንም አትሽጡ። እዚያው ያለው ክለብ ሻምሮክ ሮቨርስ በ2019 ለባለሀብቱ ዴርሞት ዴዝመንድ 25 በመቶ ሲሸጥ አባላቱ 50 በመቶውን ይዘው ቀሩ። ሌላው ክለብ ቦሄሚያንስማ ጭራሽ ሙሉው የአባላቱ ነው።

ባለሀብቱ የሒሳብ ደብተራችሁን ልይ ካለ ደግሞ ኮፒውን ስጡት፤ ዋናው ቤት ይደር።