ከበረካ ወደ አቦል፦ ውሻችሁን በውሃ ቀለም ዘና ብሎ መሳል

ቡቺ የግቢያችን ውሻ ነው። ቡላ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር አለው፤ ግራ ጆሮው ሁሌም እንደታጠፈ ነው። መጀመሪያ ልስለው ስነሳ ፀጉሩን አንድ በአንድ ነበር የምሞክረው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጎንበስ ብዬ ስጨርስ ወረቀቱ ላይ ብዙ ፀጉር ነበር፣ ቡቺ ግን አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደመናው ከብዶ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ በረንዳ ላይ እንደተቀመጥኩ በትልቁ ብሩሽ ቶሎ ቶሎ ብዬ በ15 ደቂቃ ሳልኩት። ጆሮው ከወረቀቱ ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል፣ አገጩ ፈሷል፣ ግን ራሱ ነው። እናቴ ከሩቅ አይታ «ውይ ቡቺዬ!» አለች።

የማወራችሁ ስለዚህ ዓይነቱ ሥዕል ነው። ግድግዳ ላይ ለመስቀል አይደለም፣ ለሽያጭም አይደለም። ደብተር ውስጥ፣ ለደስታ፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት። ድመት ያላችሁም አብራችሁ ኑ፤ ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ወረቀት ላይ አትሰስቱ። በቀለምና በብሩሽ መቆጠብ ይቻላል፣ በወረቀት ግን አይቻልም። ተራ ደብተር ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል፣ ቀለሙንም ወዲያው ይመጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙ አይንቀሳቀስም፣ የዚህ ሥዕል ደስታ ደግሞ ሁሉ እንቅስቃሴው ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ 300 ግራም የሚል የውሃ ቀለም ደብተር ካገኛችሁ እሱን ያዙ (በካሬ ሜትር ማለት ነው)። 200 ግራምም ይሠራል፣ ትንሽ ይጣመማል እንጂ። ከጥጥ የተሠራው እርጥበቱን ረዘም አድርጎ ይይዛል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ካላችሁ ይህን እዘዙ። ገጹን ዙሪያውን በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፣ መጣመሙ ይቀንሳል።

ብሩሽ ሁለት ይበቃል። አንዱ ክብ፣ ቁጥር 8 ወይም 10፣ ጫፉ የሚሾል። ሌላው ትንሽ፣ ቁጥር 2 ወይም 4። ትንሹ መጨረሻ ላይ ለዓይንና ለአፍንጫ ብቻ ነው የሚወጣው፤ እስከዚያ ከአጠገባችሁ አርቁት፣ እጅ ላይ ካለ ፀጉር መቁጠር ይጀመራል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ፦ አንዱ ብሩሽ ማጠቢያ፣ አንዱ ንጹህ። ሶፍት። ቀለም መቀላቀያ ደግሞ ከኩሽና አንድ ነጭ ሰሃን።

ለቡላ ወይም ለቀይ ውሻ ሦስት ቀለም በቂ ነው፦ የሎው ኦከር፣ በርንት ሲየና እና አልትራማሪን። የልጆች ባለ 12 ቀለም ሳጥን ከሆነ ያላችሁ፣ አፈር የሚመስለውን ቢጫ፣ ሸክላ የሚመስለውን ቡኒና ደማቁን ሰማያዊ ምረጡ። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጥቁር ተዉት። በርንት ሲየናና አልትራማሪን ሲቀላቀሉ ከሱ የተሻለ ጥቁር ይወጣል፤ ሰማያዊው ሲበዛ ቀዝቀዝ፣ ቡኒው ሲበዛ ሞቅ ይላል። የገዛችሁት ጥቁር እንዲህ አይለዋወጥም።

አሁን ፎቶ። ውሻ ተቀምጦ አይጠብቃችሁም፣ ድመትማ ጭራሽ። በር ወይም መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከአንድ ጎን ሲመጣ አንሱት። ቆማችሁ ከላይ ወደ ታች አታንሱ፤ መሬት ላይ ቁጭ በሉና ስልኩን ዓይኑ ከፍታ ላይ አድርጉት። ፍላሽ አይብራ። የውሻና የድመት ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፤ ሌሊት የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያበራው እሱ ነው። በፍላሽ ያነሳችሁት ዓይን ያበራና ዋናው ነገር ከእጃችሁ ይወጣል። ፎቶውን አንዴ ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ እዩት። የቱ ጋ ነው በጣም የጨለመው? የቱ ጋ ነው ነጭ ማለት ይቻላል የሚባለው? ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ስታዩት ፀጉሩ ይጠፋና ሦስት አራት ትላልቅ ጥላዎች ብቻ ይቀራሉ። የምትስሉት እነዚያን ነው። እኔ ከመሳሌ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ ማየት ጀምሬ ነው ሥዕሌ የተለወጠው።

የእርሳሱ ሥራ አጭር ነው። ሁለቱን ዓይኖችና አፍንጫውን እንደ ሦስት ማዕዘን አስቡ፤ መጀመሪያ ይህን ሦስት ማዕዘን በቀላሉ አስቀምጡ። ድመት ላይ ያጥራል፣ አፍንጫዋ ከዓይኖቿ ብዙም አይርቅም። ውሻ ላይ፣ በተለይ አፉ ሾጠጥ ባለው የሐበሻ ውሻ ላይ፣ ይረዝማል። ብዙ ጊዜ ድመት ስለን ውሻ የሚመስልብን እዚህ ጋ ስለምንስት ነው። እርሳሱን ፎቶው ላይ አስደግፋችሁ ርቀቱን ለኩ፤ የዓይኖቹ ርቀት ከዓይን እስከ አፍንጫ ካለው ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው? ከዚያ ጆሮ፣ የጭንቅላቱ ዙሪያ፣ አንገቱ የት እንደሚጀምር። በቃ። ዓይኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ብርሃን በእርሳስ ክበቧት፣ በኋላ እንዳትረሷት። ላጲስ አታብዙ፤ የተፋተገ ወረቀት ቀለሙን እኩል አይወስድም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ በቡና ነው የማስበው። ጀበናው ላይ አቦል ይቀድማል፣ ከዚያ ቶና፣ መጨረሻ በረካ። እኛ ተገልብጠን ከቀጭኑ እንጀምራለን። ምክንያቱም በውሃ ቀለም ላይ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ አንዴ ካጨለማችሁት ወደ ነጭ መመለስ ከባድ ነው።

በረካ። ሰሃኑ ላይ የሎው ኦከሩን በብዙ ውሃ አቅጥኑት፣ ከጎኑ በርንት ሲየናውን እንዲሁ፣ ትንሽ ደግሞ አልትራማሪን። ሦስቱም ቀድመው ተዘጋጅተው ይጠብቁ፤ ወረቀቱ ከረጠበ በኋላ ቀለም መቀላቀል ከጀመራችሁ ይደርቅባችኋል። ትልቁን ብሩሽ በኦከሩ በደንብ አጠጡትና ከግንባሩ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ዓይኑ ላይ ያለችውን ብርሃን፣ የአፍንጫውን አናት፣ ነጭ ፀጉር ያለበትን ሁሉ ዝለሉት። ገና እርጥብ እያለ ጉንጩና ጆሮው ሥር በርንት ሲየናውን ነካ አድርጉ፣ ጥላ ባለበት በኩል ሰማያዊውን። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ቀለሞቹ ራሳቸው ይሄዳሉ፣ ይገናኛሉ፣ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። በብሩሽ የማይሠራ ለስላሳ ፀጉር የሚሠራው እዚህ ጋ ነው፣ የሚሠራውም ውሃው ነው። እዚህ ቦታ ላይ መጠበቅ የቻለ ሰው ሥዕሉ ከግማሽ በላይ አልቆለታል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ ብሩሹ ላይ ያለው ውሃ ወረቀቱ ላይ ካለው አይብለጥ። ወረቀቱ መድረቅ ሲጀምር ውሃ የተሞላ ብሩሽ ካሳረፋችሁ ውሃው ቀለሙን ወደ ዳር ይገፋውና ጠርዙ እንደ አበባ ጎመን የተበጣጠሰ እድፍ ይወጣል። አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ከሆነ ተዉት፣ ጭብርር ያለ ፀጉር ይመስላል። ፊቱ መሐል ከሆነ ግን ሳይደርቅ በሶፍት ጠጋ አድርጋችሁ አንሱት። ከእያንዳንዱ ጠብታ በፊት ብሩሹን አንዴ ሶፍት ላይ መንካት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የጭንቅላቱን ዙሪያ በሙሉ አትዝጉት። ብርሃን ባለበት በኩል ንጹህ እርጥብ ብሩሽ ጠርዙ ላይ አሳልፉና ቀለሙ ወደ ነጩ ወረቀት ሟሙቶ ይጥፋ። የቡቺ ግራ ጆሮ በዚያ ቀን የጠፋው እንዲህ ነው። የሚያየው ሰው ዓይን የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ዙሪያውን በመስመር ከከበባችሁት ግን ተለጣፊ ወረቀት ይመስላል።

ከዚያ ይድረቅ። አዲስ አበባ ላይ፣ በዚህ ከፍታና በደረቁ የጥቅምትና የኅዳር አየር፣ ሻይ ሳትጨርሱ ይደርቃል፤ በሐምሌ ግን ታገሱ። ክረምት ላይ እንዲያውም መሳል ደስ ይላል፣ ቀለሙ ለመጫወት ጊዜ ያገኛል። መድረቁን ለማወቅ የእጃችሁን ጀርባ ወረቀቱ ላይ አስጠጉ፤ ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ሲደርቅ ቀለሙ ፈዘዝ ማለቱም አያስደንግጣችሁ፣ የውሃ ቀለም ጠባዩ ነው።

ቶና። በርንት ሲየናውን ከትንሽ ሰማያዊ ጋር፣ በውሃ ቀነስ አድርጋችሁ። ጥላዎቹን ብቻ ነው የምትነኩት፦ ጆሮ ውስጥ፣ ቅንድቡ ሥር፣ የአፉ ጎን፣ አገጩ ሥር፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚገናኝበት። እያንዳንዱን ጥላ በአንድ ወይም በሁለት ምት አስቀምጡና የአንዱን በኩል ጠርዝ በንጹህ ብሩሽ አለስልሱት። አንድ ጠርዝ ጠንካራ፣ ሌላው ለስላሳ። ከታች ያለው ንብርብር እንዳይነሳ ደጋግማችሁ አትሹት። ብሩሹን ከኋላው ያዙት፣ ክንዳችሁ ይንቀሳቀስ፤ ከጫፉ ስትይዙት እጃችሁ መጻፍ ነው የሚጀምረው።

አቦል። አሁን ትንሹን ብሩሽ አውጡ። ወፍራም ጥቁር ከአልትራማሪንና ከበርንት ሲየና ቀላቅሉ፣ ውሃው ጥቂት ይሁን። የሚነካው በጣም ጥቂት ቦታ ነው፦ ዓይን፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የአፍ መስመር፣ ምናልባት የጆሮው ጥልቅ ጥግ። ዙሪያው ሙሉ በሙሉ መድረቁን አረጋግጡ። አንዴ ቸኩዬ እርጥብ ላይ ነክቼ የቡቺ ዓይን ጉንጩ ድረስ ፈሶብኛል፤ ያን ማስተካከል አልተቻለም።

ዓይኑ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ሌላው ሁሉ ዘና ማለት የሚችለው ዓይኑ በትክክል ስለተቀመጠ ነው። የኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ይህን ያውቁት ነበር፤ ቅዱሳኑን ሁለቱም ዓይናቸው እንዲታይ ወደኛ አዙረው፣ ክፉዎቹን በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚስሉት በዓይን ኃይል ስለሚያምኑ ነው። ጀርመናዊው አልብረሽት ዱረር በ1502 በውሃ ቀለም የሳላት ጥንቸልም ቪየና አልበርቲና ሙዚየም አለች፤ ፀጉሯ አንድ በአንድ ተሥሏል፣ ከኛ አካሄድ ጋር አይገናኝም፣ ግን ዓይኗን አጉልታችሁ እዩት። ውስጡ የመስኮት ነጸብራቅ አለ። ያቺ ትንሽ ነጭ ናት ሕይወት የምትሰጣት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የዓይኑን ቀለም በቶና መጠን፣ ብርሃኗን ዘልላችሁ። የላይኛው ቆብ ጥላ ስለሚጥል ላይኛውን ክፍል ጠቆር፣ ታችኛውን ፈካ አድርጉት። ሲደርቅ ብሌኑን በአቦሉ። ውሻ ላይ ክብ ነው፤ ድመት ላይ በብዙ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይቀጥናል፣ በጨለማ ይሰፋል። መጨረሻ የዓይኑ ዙሪያ ጥቁር መስመር፣ ላይ ወፈር፣ ታች ሳሳ፣ አንድ ቦታ ላይም ይቆረጥ። ብርሃኗ ከጠፋችባችሁ በነጭ ጎዋሽ (ወፈር ያለ፣ ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን የውሃ ቀለም) ወይም በነጭ ጄል እስክሪብቶ አንድ ነጥብ መልሱ። ሁለቱም ዓይን ላይ በአንድ በኩል ትሁን።

ፀጉር የግድ ካላችሁ፣ የብሩሹን ጫፍ በሶፍት አድርቃችሁ በጣት ጫን አድርጉትና ይበተን፤ እንደ ማበጠሪያ ይሆናል። ደረቱና የጆሮው ጫፍ ላይ ሦስት አራት ምት፣ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ። የድመት ጢም ደግሞ በደረቀ ወረቀት ላይ በምላጭ ጫፍ ቀስ ብሎ መጫር ይቻላል፣ ወረቀቱ ወፍራም ከሆነ።

ነጭ ድመት ያላችሁ፣ ነጩን አትሳሉት። ጥላዋን በጣም በቀጠነ ሰማያዊ ሳሉና ከጀርባዋ ትንሽ ጠቆር ያለ ቀለም አፍስሱ፣ ነጩ ራሱ ብቅ ይላል። ጥቁር ውሻ ያላችሁ ደግሞ ጥቁሩን በአንዴ አትለቅልቁት። ፀሐይ ያረፈችበት ፀጉር ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚታየው፤ እዚያ ቀጭን አልትራማሪን ብቻ ተዉ፣ ጥላው ውስጥ ብቻ ወደ ድፍን ጥቁር ሂዱ። ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው፣ ሲሳካ ግን ከሁሉም የሚያምረውም እሱ ነው።

«ትንሽ ላስተካክላት» የምትል ሐሳብ ስትመጣ ብሩሹን ውሃው ውስጥ አስቀምጡና ተነሱ። ራቅ ብላችሁ ከሦስት እርምጃ እዩት። ከዚያ ርቀት እሱን ከመሰለ አልቋል። ጥግ ላይ ስሙንና ቀኑን ጻፉ። ደብተሩን ቶሎ አትዝጉ፣ ላዩ የደረቀ መስሎ ገጾቹ ይጣበቃሉ፤ እኔ እንደተቆነጠጠ አሳድረዋለሁ። በግራ ያለውን ባዶ ገጽ ለቀለም መሞከሪያ አስቀሩት፣ ነገ ያንኑ ፎቶ እንደገና ስትስሉ የትኛው ቡኒ እንደሠራላችሁ ከዚያ ታያላችሁ።