ያው ካሮት፣ ሌላ ጣዕም

ጤናማ አመጋገብ ስትጀምሩ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚሰለቻችሁ ምግቡ ሳይሆን አሠራሩ ነው። አትክልት ሁሉ ተቀቅሎ ሲቀርብ ማንንም ያማርራል። እኔም የተቀቀለ ካሮቴን አይቼ ፍሪጁን መልሼ የዘጋሁበት ቀን አለ።

ስለዚህ አዲስ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት አሠራሩን ቀይሩት። ካሮቱን በጣት ውፍረት ቁረጡና በጨርቅ አድርቁት። ትንሽ ዘይትና ጨው አሹት። ከዚያ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ኦቨን ከ25 እስከ 30 ደቂቃ አቆዩት። ጠርዙ ቡናማ ሲል ጣፋጭነቱ ይወጣል። ትሪው ላይ ግን አትደራርቡት፤ በራሱ እንፋሎት ይበስልና ያው የሸሻችሁት ቅቅል ይሆንባችኋል። አበባ ጎመንና ዱባም እንዲሁ ናቸው። በማግስቱ ደግሞ ካሮቱን ጥሬውን ፈቅፍቃችሁ ሎሚ ጨምቁበት። ሌላ ምግብ ነው!

ምስር ወይም ሽምብራም በርከት አድርጋችሁ ቀቅሉና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ 3 ቀን ይቆያል። አንድ ቀን በነጭ ሽንኩርትና ሎሚ፣ ሌላ ቀን በቲማቲምና ከሙን ብሉት። ጨው ያነሰው ከመሰላችሁ መጀመሪያ ሎሚ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ የጎደለው እሱ ነው።