የመኪና ቴፕ ስትቀይሩ ሶኬቱን አትቁረጡ! (እና ሌሎች ያሰለቹኝ ስህተቶች)

ቱሉ ዲምቱ መንገድ ዳር ባለችኝ ኮንቴነር የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ቴፕ የሚያስቀይር ሰው አላጣም፣ በተለይ ከጃፓን የመጡ መኪኖች ላይ ያለው ቴፕ ኤፍኤሙ ከ76 ጀምሮ 90 ላይ የሚያልቅ ስለሆነ ሸገር 102.1ን በሕልሙም አያገኘውም። ችግሩ ራሳቸው ቀይረው አልሠራ ሲላቸው ወደኔ የሚመጡት ናቸው።

ትናንት አንድ ልጅ የድሮ ኮሮላ ይዞ መጣ፣ ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ተፈትቷል፣ ሽቦው እንደ ዶሮ አንጀት ተንጠልጥሏል። "ቴፑ አልበራ አለኝ" ይላል። የመኪናው ሶኬትስ አልኩት። "ስለማይገጥም ቆረጥኩት።" ወይ ጉድ!

ለምን ትቆርጣላችሁ? ለየመኪናው የሚሆን አስማሚ ሶኬት ይሸጣል እኮ። አንዱ ጫፉ የመኪናው ሶኬት ላይ ጠቅ ብሎ ይገባል፣ በሌላው በኩል ያለውን ሽቦ ከአዲሱ ቴፕ ሽቦ ጋር ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለህ ታገናኘዋለህ፣ አንገትህን ክሩስኮት ውስጥ ቀብረህ አትታገልም። ሶማሌ ተራ ሂዱና መኪናችሁን ተናግራችሁ ጠይቁ። የቆረጠ ሰው ግን ቀጥሎ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፣ ቀለም ከቀለም ያገናኛል። ልጁም እንደዛ ነው ያደረገው።

አዲሱ ቴፕ ላይ ቢጫው ቋሚ 12 ቮልት፣ ቀዩ በቁልፍ የሚመጣው፣ ጥቁሩ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ኔጋቲቭ) ነው። የድሮ ቶዮታ ላይ ግን ቋሚው ቢጫ መስመር ያለበት ሰማያዊ ነው፣ በቁልፍ የሚመጣው ግራጫ፣ ማሳው ደግሞ ቡኒ። ጥቁርና ቢጫው የኋላ ግራ ስፒከር፣ ቀይና ነጩ የኋላ ቀኝ ስፒከር ናቸው። ስለዚህ ልጁ የቴፑን መብራት በሙሉ ስፒከር ላይ ነው ያሰረው፣ ከየት አምጥቶ ይብራ? ከሁሉ የከፋችው ግን ግራጫዋ ናት። አዲሱ ቴፕ ላይ ግራጫ ማለት የፊት ቀኝ ስፒከር ፖዘቲቭ ነው፣ መኪናው ላይ ደግሞ ቁልፍ ስትከፍት 12 ቮልት የሚመጣባት። ግራጫን ከግራጫ አስረህ ቁልፍ ከፈትክ ማለት 12 ቮልቱን ቀጥታ ቴፑ ሆድ ውስጥ ላክኸው ማለት ነው።

ብዙ አልተቆጣሁትም፣ እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይሄንኑ ሠርቼ ቴፑ ሞቷል ብዬ መርካቶ ድረስ መልሼ ወስጄው ከሻጩ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ሰውየው ዝም ብሎ ባትሪ ላይ ሲያስረው በራ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዛ ወዲህ ቀለም አላምንም፣ ቴስተር ብቻ።

አሁን ወደ ማገናኛ። ጠምዝዞ ናስትሮ (የኤሌክትሪክ ፕላስተር) መጠቅለል መፍትሔ አይደለም፣ ክሩስኮት ውስጥ ሲሞቅ ሙጫው ይቀልጥና ናስትሮው ይላቀቃል፣ ቋሚው ሽቦ ራቁቱን ብረት ይነካል፣ ባልቦላ (ፊውዝ) ይበጠሳል። በነገራችን ላይ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ።

በብሎን የምትጠብቀው የቤት ሽቦ ማገናኛ፣ ሞርሴቶም መኪና ላይ አትሆንም። አንድ የዶልፊን ሹፌር "ወንድሜ፣ ይሄ ቴፕ ጉድጓድ ሲያገኝ ይጠፋል፣ ሌላ ጉድጓድ ሲያገኝ ይበራል" ብሎኝ ስፈታው ሞርሴቶ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ውሎ ብሎኑ ላልቷል። ሽቦውን ሳትልጡ በፒንሳ ጠቅ የምታደርጓትን ማገናኛም ተዋት፣ ምላጯ ቀጫጭኑን ክር ትቆርጠዋለች።

እኔ የምጠቀመው ሽቦው ከሁለቱም ጫፍ የሚገባባትን፣ ተጨፍልቃ የምትይዘውን ቱቦ ማገናኛ ነው። ቀለሟ ለውበት አይደለም፣ ቀይ ከ0.5 እስከ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ሰማያዊ ከ1.5 እስከ 2.5፣ ቢጫ ከ4 እስከ 6 ነው። የቴፕ ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ቀይ ይበቃል። ጀማሪ ግን ሽቦው ቶሎ ስለሚገባለት ሰማያዊ ይገዛና በጥርሱ ይነክሳታል (አይቻለሁ፣ በጥርሱ!)። በመጨፍለቂያው ጨፍልቁና ጎተት አድርጉት፣ ከወጣ አልያዘም። በስታኞ (በሚቀልጥ እርሳስ) መበየድም ይሆናል፣ ግን ስታኞው ያደረቀው ቦታ ሲንቀጠቀጥ እንዳይሰበር ሽቦውን አንድ ቦታ እሰሩት።

የስፒከር ኔጋቲቮችን ሰብስቦ ማሳ ላይ ማሰር ቴፑን መግደል ነው፣ ለየብቻ ይሂዱ። ቢጫና ቀዩን ቋሚ ላይ አንድ ላይ ካሰራችሁ ጠዋት ባትሪው አልቆ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ ሁለቱንም በቁልፍ በሚመጣው ላይ ካደረጋችሁ ደግሞ መኪናው በጠፋ ቁጥር ሰዓቱንም ጣቢያውንም ይረሳል። አዲሱ ቴፕ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ሽቦ ካልተጠቀማችሁባት ጫፏን ሸፍኗት።

የልጁን ኮሮላ ሌላ ሶኬት ፈልጌ፣ አንድ በአንድ በቴስተር ለክቼ ሠራሁለት። ቴፑ በራ፣ ሸገርም ገባ። የፊት ቀኙ ስፒከር ግን ጭጭ።