እንግዳው ምን ሊያይ እንደመጣ እንዴት ታውቃላችሁ?

ጎንደር መጥቶ ስለ አራዊት የሚጠይቅ እንግዳ ሁለት ቦታ ይወሰዳል። አንዱ ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው የአንበሳ ቤት ነው፤ ዛሬ ባዶ ነው። ሌላው በደባርቅ በኩል የሚገባበት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ደባርቅ ከከተማችን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሁለቱም ለዓመታት አስጎብኝቻለሁ። ይህን የምጽፈው ሥራውን አሁን ለምትጀምሩ ልጆች ነው።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ይዛ መጣች። አንበሳ ቤቱ ጋ ቆመን ስለ ነገሥታቱ ማውራት ጀመርኩ። ልጁ ቁጢጥ ብሎ ወደ ውስጥ እያየ፣ «አንበሳው ምን ይበላ ነበር?» አለኝ። «ቆይ፣ እመጣበታለሁ» አልኩት። ሳልመጣበት ቀረሁ። ስንለያይ እናትየው፣ «ከትናንት ጀምሮ አንበሳ አንበሳ ሲል ነው የዋለው፤ የመጣነው ለሱ ብለን ነበር» አለችኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጆን ፎልክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ አለ። ሙዚየምና የእንስሳት ማቆያ የሚጎበኙ ሰዎችን ሲያጠና በአምስት ይከፍላቸዋል። ለማወቅ የጓጓ አለ። እንደዚያች እናት ሌላውን ለማስደሰት የሚመጣ አለ። «ሄጄ አይቼዋለሁ» ማለት የሚፈልግ፣ ሙያው ወይም ፍቅሩ የሆነ፣ ልቡን ሊያሳርፍ የመጣም አለ። ያው ሰው ዛሬ አንዱን፣ ሌላ ቀን ሌላውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንግዳን በመልኩ ወይም በአገሩ አትመድቡት።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? «ምን ማየት ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ሁሉንም» ነው፤ አይጠቅማችሁም። እኔ መኪና ውስጥ ገና ስንነሳ፣ «ስትመለሱ መጀመሪያ ለማን ነው የምታወሩት?» እላለሁ። «ለተማሪዎቼ» ያለኝ መምህር የሚነገር ነገር ይፈልጋል፤ ጭላዳ የሚባለው ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር የትም እንደማይገኝ፣ ዋነኛ ምግቡም ሣር እንደሆነ እነግረዋለሁ። ስልኩን አውጥቶ ያነሳውን ፎቶ የሚያሳየኝን ብርሃኑ ጥሩ የሆነበት ቦታ አቆመዋለሁ። «ለማንም» የሚልም አለ። እሱን በወሬ አታድክሙት።

እንዲህ ያሉ አንድ አዛውንት ፓርኩ ውስጥ ቡይት ራስ በሚባለው ቦታ አካባቢ አጋጥመውኛል። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሜዳው ላይ ተበትነዋል። እኔ ደረታቸው ላይ ስላለው ቀይ ምልክት እያስረዳሁ ነው። ሰውየው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ዝም አልኩ። አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ጎፈሩን ነፋስ እያወዛወዘው ሦስት ሜትር እስኪቀር ተጠጋና ተቀመጠ። በሁለት እጁ ሣሩን ቶሎ ቶሎ እየነጨ ወደ አፉ ይልካል። ስካውታችንም (አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ አብሮን ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ያህል ማንም አልተናገረም።

ቃል ስትገቡ ተጠንቀቁ። ጭላዳ በብዛት ይገኛል። ዋልያ ግን ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ እስከሚባለው ቦታ ድረስ ሄዳችሁም ላይታይ ይችላል፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። «እንሞክራለን» በሉ። ቅር የሚያሰኘው እንስሳው ሳይታይ መቅረቱ ብቻ አይደለም፤ «በእርግጠኝነት ታያላችሁ» ተብሎ መቅረቱ ነው። ምግብ ልስጣቸው የሚል እንግዳ ካለ ደግሞ በትሕትና፣ ግን ቁርጥ አድርጋችሁ ከልክሉ። የፈለገውን ሁሉ መስጠት ማስጎብኘት አይደለም።

ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደምትሄዱ፣ ብርዱን አስቀድማችሁ ንገሩ። እግሩ የበረደው ሰው ዋልያ ቢመጣም አያይም።

ስትመለሱ «ተደሰታችሁ?» አትበሉ፤ ማንም ሰው በጨዋነት «አዎ» ይላል። «ዛሬ ካያችሁት ምን ትዝ ይላችኋል?» በሉ። መልሱን ማታ ደብተር ላይ ጻፉት። የኔ ደብተር ላይ አንዲት ሴት፣ «ሣሩ ሲነጭ የሚሰማው ድምፅ» ያለችው አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዶቼን ጭላዳዎቹ አጠገብ አስቀምጬ መጀመሪያ የማስደርጋቸው ዝም ብለው እንዲያዳምጡ ነው።